ርስት የተነፈጉ አባቶቻችንና የእጃቸው ሥራ

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጥቶ «የሸማኔ ልጅ ብለው ሰደቡኝ» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? መልሱ ታሪካችን ውስጥ አለ።

በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ «ካህኑ ይጸልያል፣ ባላባቱ ይዋጋል፣ ገበሬው ያርሳል» ተብሎ ሕዝቡ በሦስት ይመደብ ነበር። አይሁዶች ከሦስቱም ውጭ ሆኑ። በብዙ ቦታ መሬት እንዳይዙ፣ ከባለ እጆች ማኅበርም እንዳይገቡ ስለተከለከሉ የቀረላቸው ንግድና ገንዘብ ማበደር ነበር። በዚያው ሥራቸው ደግሞ ተጠሉ። በ1215 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የተሰበሰበው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ አይሁዶችም ሙስሊሞችም በልብሳቸው እንዲለዩ ወሰነ። በ1290 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አይሁዶችን ጨርሳ አስወጣች።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1668 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ አዘዘ። ሙስሊሞቹ ከከተማው ዝቅ ብሎ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ፤ ሰፈራቸውም እስላም ቤት፣ በኋላም አዲስ ዓለም ተባለ። በሰሜኑ ደጋ ሙስሊም በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። «እስላም አገር የለውም» እስከ መባል ተደረሰ።

መሬት የተነፈገው ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ሸማ ሠራ፣ ነገደ። በ19ኛው መቶ ዘመን የጀበርቲ ነጋዴዎች ከምጽዋ በዐድዋና በጎንደር፣ በደሪጣና በይፋግ አድርገው ወደ ጎጃማችን የባሶ ገበያ ይወርዱ ነበር። ዓባይን ተሻግረው እስከ እናርያ አሞሌ ጨው ያደርሳሉ፤ ከዚያም ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ ይዘው ይመለሳሉ። እውነቱን መደበቅ አይገባምና፣ በዚያ መንገድ ሰውም ይሸጥ ነበር። ነጻ ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላን አላህ በቂያማ ቀን እንደሚከራከረው እያወቅን፣ አባቶቻችን ስላደረጉት ብቻ ልናሳምረው አንችልም።

ሽመናውና ሐላል ንግዱ ግን የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር አልነበረም። ሆኖም አንዱ በር ተዘግቶበት በሌላው የገባ ሰው «ቁጢት በጣሽ» ተባለ። የአገሩን እራፊ የሚያለብሰው እርሱ ሆኖ ሳለ ተናቀ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም ንቀቱ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች ለእኩልነት አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ የርስት አጥሩ ፈረሰ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር፣ ነቢዩ ዘከሪያም (ዐ.ሰ) አናጢ እንደነበሩ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ስለዚህ በዳንግላም በእንጅባራም ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁን «አባትህ በሐላል ያደረ ሰው ነው» በሉት። እኛም ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውን በሥራቸው የምንሰድብ ከሆነ፣ አባቶቻችን ላይ የተፈጸመውን በደል በሌላው ላይ እየደገምን ነውና አላህን እንፍራ።