ሥራው የማን፣ ስሙስ የማን?

ያለፈ ዘመን በሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይደርሰናል። አንደኛው ሰው ስለ ራሱ የሚያወጋበት ማስታወሻ ነው፤ ሁለተኛው ስም፣ ቀንና ፊርማ ብቻ የሚሰፍርበት ደረቅ መዝገብ ነው። እንጀራዬ ከባንክ መዝገብ፣ ፍቅሬ ግን ከሥነ ጽሑፍ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ልማዴ ነው። ሁለቱ በማይስማሙበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ቆማ አገኛለሁ። ዛሬ ላወጋችሁ የምሻው በአሜሪካ ሰፊ የሣር ምድር ስለኖሩ እንዲህ ያሉ ሴቶች ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1862 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የፈረሙት የሆምስቴድ ሕግ፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ወይም የቤተሰብ ራስ የሆነ ሰው 160 ኤከር መሬት እንዲወስድ ፈቀደ። በእኛ የድሮ ልኬት ከጋሻ ተኩል ጥቂት ይበልጣል። ሰፋሪው አምስት ዓመት ኖሮበት፣ ቤት ሠርቶና አርሶ ካሳየ መሬቱ በስሙ ይጸድቅለታል። ምድሪቱ ግን ባዶ አልነበረችም፤ ነባር ሕዝቦች ተገፍተው የለቀቋት ነበረች። በዚያው በ1862 በሚኒሶታ ከተደረገው ጦርነት በኋላ 38 የዳኮታ ወንዶች በአንድ ቀን ተሰቅለዋል። የሰፋሪ ሴቶችን ጽናት የምናደንቅ ሁሉ ይህንን አብረን ልናስታውስ ይገባል።

ሕጉ ላላገባች፣ ባሏ ለሞተባት ወይም ለተፋታች ሴት በራሷ ስም መሬት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ባለትዳሯ ግን የቤተሰብ ራስ ሆና ስለማትቆጠር በአብዛኛው ይህ በር ተዘግቶባታል። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ኩበት ለቅማ እሳት ታነዳለች፤ ከሣሩ ሥር ጋር ተቆርጦ በወጣ አፈር በተሠራ ጎጆ ልጆች ታሳድጋለች። መሬቱ ሲጸድቅ በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ግን የባሏ ስም ነው።

ኤሊኖር ፕሩይት ስቱዋርት በዴንቨር ከተማ በልብስ አጠባና በቤት ሠራተኝነት የምትተዳደር፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ያለቻት ሴት ነበረች። በ1909 ለአንድ ከብት አርቢ ቤት ልታስተዳድር ወደ ዋዮሚንግ ሄደች፤ በስሟ መሬት አስመዘገበች፤ ሳምንታት ሳይቆዩም አርቢውን አገባች። ለቀድሞ አሠሪዋ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች በአትላንቲክ መጽሔት ወጥተው በ1914 መጽሐፍ ሆኑ። በእነዚህ ደብዳቤዎች ጉልበት ያላት ድኻ ሴት በገዛ መሬቷ ራሷን ልትችል እንደምትችል በሙሉ ልብ ትመሰክራለች።

የመሬት መዝገቡ ግን ሌላ ያወራል። ባልና ሚስት በሁለት ቤት እንደሚኖሩ ተቆጥረው ሁለት መሬት መያዝ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ የእርሷ ቤት ደግሞ ከባሏ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ በ1912 ይዞታዋን ለቀቀች፤ መሬቱም ወደ አማቷ ዞረ። ደብዳቤዎቿ ይህን አይነግሩንም። ዋሸች እንበል? እኔ እንዲህ ለማለት አልደፍርም። ድካሙ የእርሷ ነበር፤ ስሟን የመሬት ቢሮው ቢነፍጋት በመጽሐፍ ላይ አሰፈረችው።

በልጆች መጻሕፍቷ የታወቀችው ላውራ ኢንግልስ ዋይልደርም ገና በ15 ዓመቷ ማስተማር ጀምራ፣ ያገኘችው ገንዘብ ለዓይነ ስውር እኅቷ ትምህርት እንደዋለ እናውቃለን። ለአዋቂዎች የጻፈችውን የሕይወት ማስታወሻ ግን በ1930 አሳታሚ አልተቀበለውም። ለሕትመት የበቃው በ2014 ነው፤ እርሷ በ1957 ካረፈች ከ57 ዓመት በኋላ።

ከዚያው የሣር ምድር ሳንወጣ ወደ 1977 እንሻገር። ዊልማር በምትባል የሚኒሶታ ከተማ ስምንት ሴቶች በአንድ ባንክ ገንዘብ ከፋይና መዝገብ ያዥ ሆነው ይሠሩ ነበር። ባንኩ ልምድ የሌለው ወጣት ወንድ ቀጠረና ሥራውን እንዲያሠለጥኑት አዘዛቸው። የሴቶቹ የመነሻ ደመወዝ በወር 400 ዶላር ግድም ሲሆን የእርሱ 700 ነበር፤ የታጨውም እነርሱ እንዲያመለክቱ እንኳ ላልተጋበዙበት የኃላፊነት ቦታ ነው። አቤት ቢሉ የባንኩ ፕሬዚዳንት ሁላችንም እኩል አይደለንም የሚል መልስ ሰጣቸው። አበው «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ያሉት ከዚህ በላይ በምን ይገለጣል?

እኔም በባንክ መስኮት በስተጀርባ የምውል ሴት ነኝና ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ላነበው አልቻልኩም። ሥራ ማስተማር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሒሳቡ ሲጎድል የት እንደሚፈለግ፣ ደንበኛ ሲቆጣ እንዴት እንደሚመለስ፣ በየትኛውም መመሪያ ያልተጻፈውን ሁሉ መስጠት ነው። ይህን አስተምሮ ለተማሪው የበታች ሆኖ መቅረት ከደመወዝ ልዩነት ይልቅ ያማል።

ሴቶቹ የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ፤ ታኅሣሥ ወር 1977 አጥንት በሚሰብር ብርድ ከባንኩ ደጃፍ ቆመው በሚኒሶታ ታሪክ የመጀመሪያውን የባንክ አድማ ጀመሩ። በ1979 የአገሪቱ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ ባንኩ ሕግ መጣሱን ቢያረጋግጥም፣ የአድማው መንሥኤ ኢኮኖሚያዊ ነው በማለት ያመለጣቸውን ደመወዝ ሳይፈርድላቸው ቀረ። በ1981 ተዋናይዋ ሊ ግራንት በዘጋቢ ፊልም ታሪካቸውን ለዓለም አሳየች።

በሒሳብ መዝገብ ቢታይ ኪሣራ ነው። ነገር ግን አባወራዎች በፈረሙበት ምድር ስምንት ሴቶች ፊርማቸውን በአቤቱታ ላይ አኑረዋል፤ ያንን ማንም ሊፍቀው አልቻለም።

አንባቢ ሆይ፣ አያትህ ወይም እናትሽ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ማን አረሰ፣ ማን ፈተለ፣ ወረቀቱስ በማን ስም ወጣ? የሚነግሯችሁንም ሳይውል ሳያድር ጻፉት።