የናይል ተፋሰስ አገሮች ፉክክር፣ ግጭትና ትብብር

የናይል ተፋሰስ አገሮች ፉክክር፣ ግጭትና ትብብር ሲባል በናይል ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ያሉ 11 አገሮች ስለ ውሃ ድርሻ፣ ስለ ግድቦችና ስለ ወንዙ የጋራ አስተዳደር ያካሄዱትን ክርክር፣ ጠብና ስምምነት ያመለክታል። አገሮቹ ቡሩንዲ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳ፣ ኬንያ፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ደቡብ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ሱዳንና ግብፅ ናቸው። ፉክክሩና ትብብሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ወቅት ጎን ለጎን ታይተዋል። ውሃ በመለካትና መረጃ በመለዋወጥ አገሮቹ በተደጋጋሚ ተስማምተዋል፤ በድርሻ ላይ ግን ሁሉንም ያቀፈ ስምምነት እስካሁን አልተደረሰም። ከአንዱ ስምምነት ውጭ የቀረ ወገን ስምምነቱን ስለማይቀበለው፣ እያንዳንዱ ውል ለሚቀጥለው ክርክር መነሻ ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፉክክሩ መነሻ

ናይል ሁለት ዋና ዋና ገባሮች አሉት። ነጭ ናይል ከቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ይነሳል። ዓባይ ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ ምድር ወርዶ ካርቱም ላይ ከነጭ ናይል ጋር ይገናኛል። ነጭ ናይል በደቡብ ሱዳን ሱድ በተባለው ሰፊ ረግረግ ሲያልፍ ከውሃው ግማሽ ያህሉ በትነት ይጠፋል። በዚህ ምክንያት አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከኢትዮጵያ በዓባይ፣ በባሮና በተከዜ በኩል የሚፈስ ነው። አብዛኛውም የሚመጣው በክረምት ወራት ነው።

ግብፅ ዝናብ እጅግ ያነሰባት አገር ስለሆነች ከምትጠቀምበት ንጹህ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከናይል ታገኛለች። ኢትዮጵያ በአንጻሩ ዝናብ ብታገኝም ዝናቡ በጥቂት ወራት የተወሰነ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦቿም ኤሌክትሪክ የላቸውም። የሁለቱም አገሮች ሕዝብ በየበኩሉ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ጥያቄው የኑሮ ጥያቄ ነው።

ከ20ኛው መቶ ዘመን በፊት

ኢትዮጵያና ግብፅ በወንዙ ብቻ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያንም የተሳሰሩ ነበሩ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ለብዙ መቶ ዓመታት ይሾም የነበረው ከእስክንድርያ ነው። አፄ ዘርአ ያዕቆብ በ1443 ለግብፁ ሱልጣን ጃቅማቅ በላኩት ደብዳቤ በግብፅ ክርስቲያኖች ላይ ስለደረሰው በደል ቅሬታቸውን ገልጸው፣ የዓባይን ፍሰት ሊለውጡ እንደሚችሉ አሳስበዋል። በዚያ ዘመን ወንዙን ማዞር የሚያስችል ሙያ ባይኖርም ማስጠንቀቂያው ለጳጳስ አላላክና ለምዕመናን ደኅንነት መደራደሪያ ሆኖ አገልግሏል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ኬዲቭ እስማኤል ግዛታቸውን ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻና ወደ ናይል ምንጮች ለማስፋት ሠራዊት ላኩ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ይህን ሠራዊት በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ ድል አደረጉት።

የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎች

ብሪታንያ ግብፅንና ሱዳንን ከያዘች በኋላ ለጥጥ እርሻው የሚያስፈልገውን ውሃ በውል ለማስከበር ጣረች። በ1902 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል ሦስተኛው አንቀጽ፣ ከብሪታንያና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ፍሰቱን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ይላል። አንቀጹ መጠቀምን ይከለክላል ወይስ ጨርሶ ማቋረጥን ብቻ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በ1929 በግብፅና በብሪታንያ መካከል የተደረገው ስምምነት በዓመት ለግብፅ 48 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ መደበ። በብሪታንያ ሥር ባሉ የላይኛው ተፋሰስ አገሮች የሚሠሩ ግድቦችም የግብፅን ፈቃድ እንዲጠይቁ አደረገ። ኢትዮጵያ በውሉ አልነበረችበትም። ታንጋኒካ ነጻ ስትወጣ ጁሊየስ ኔሬሬ አዲስ ነጻ የወጣ አገር እንደገና ካልተደራደረ በቀር በቅኝ ገዥው ውል አይገደድም የሚል አቋም ያዙ።

የ1959 ስምምነትና የአስዋን ግድብ

ግብፅና ሱዳን በኅዳር ወር 1959 ውሃውን ለሁለት ተካፈሉ። ስሌቱ የሚከተለው ነበር፦

አስዋን የሚደርሰው አማካይ ዓመታዊ ፍሰት፦ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ
በትነትና በስርገት የሚባክነው፦ 10 ቢሊዮን
የግብፅ ድርሻ፦ 55.5 ቢሊዮን
የሱዳን ድርሻ፦ 18.5 ቢሊዮን

በዚህ ስሌት ለላይኛው ተፋሰስ አገሮች የተተወ ድርሻ የለም። ኢትዮጵያ ከስምምነቱ በፊት በውሃዋ የመጠቀም መብቷ የተጠበቀ መሆኑን አስታውቃ ነበር፤ ወደ ድርድሩ ግን አልተጠራችም። በዚያው ዓመት አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው በመሾማቸው ጳጳስ ከግብፅ የመቀበሉ ልማድ ፈጽሞ አበቃ።

ስምምነቱ የአስዋን ታላቅ ግድብ እንዲሠራ መንገድ ከፈተ። ግድቡ በ1970 ተጠናቆ በ1971 ተመረቀ። ከግድቡ ኋላ የተኛው ሐይቅ የኑብያን ጥንታዊ ምድር በመዋጡ በሁለቱ አገሮች 100,000 ያህል ሰዎች ከቀዬአቸው ተነሡ። የሱዳኖቹ ከዋዲ ሃልፋ ርቀው በአትባራ ወንዝ አጠገብ ወደ ተቆረቆረው ኒው ሃልፋ ተዛወሩ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ ሲጠፋ ብዙ ሰው በረሃብ አለቀ። የዓባይ ፍሰት በዚያው ምክንያት ሲቀንስ ግን ግብፅ በሐይቁ ያጠራቀመችው ውሃ ከከፋ ችግር አዳናት።

የትብብር ጥረቶች

ክርክሩ ሳይቆም ትብብርም ነበረ። በኡጋንዳ የኦወን ፏፏቴ ግድብ በ1954 ሲከፈት ግብፅ ከወጪው ተካፍላለች፤ የሚለቀቀውን ውሃ የሚከታተል መሐንዲስም በጂንጃ አስቀምጣለች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቪክቶሪያ ሐይቅ ውሃ በድንገት ከፍ ማለቱ ሃይድሮሜት የተባለውን የጋራ የውሃና የአየር ጠባይ ጥናት በ1967 አስጀመረ። በ1993 አቶ መለስ ዜናዊና ሆስኒ ሙባረክ አንዱ አገር ሌላውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ የሚል የትብብር ሰነድ ካይሮ ላይ ፈረሙ።

በየካቲት 1999 የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ ዳሬ ሰላም ላይ ተመሠረተ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ እንቴቤ ነው። በእርሱ አማካይነት የተረቀቀው የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ግን በአንድ አንቀጽ ላይ ተሰናከለ። የላይኛው ተፋሰስ አገሮች ማንም የሌላውን የውሃ ዋስትና ጉልህ በሆነ ሁኔታ እንዳይነካ የሚል ቃል ሲመርጡ፣ ግብፅና ሱዳን ነባር አጠቃቀምና መብት የሚል ቃል እንዲጨመር ጠየቁ። ስምምነቱ በግንቦት 2010 እንቴቤ ላይ ለፊርማ ቀረበ። ደቡብ ሱዳን በ2024 ስታጸድቀው ስድስተኛ ሆነችና በጥቅምት 13 ቀን 2024 በሥራ ላይ ዋለ። ግብፅና ሱዳን አልፈረሙም። የ1929ና የ1959 ውሎች የላይኞቹን እንዳላካተቱ ሁሉ ይህም የታችኞቹን ሳያካትት ጸና።

የሕዳሴ ግድብ

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉባ ላይ ተጣለ። ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ለግንባታው በአገር ውስጥና በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቦንድ ገዝተዋል።

የግብፅ፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ መሪዎች በመጋቢት 2015 ካርቱም ላይ የመርሆዎች መግለጫ ፈረሙ። ሰነዱ ፍትሐዊ አጠቃቀምንና ጉልህ ጉዳት አለማድረስን አንድ ላይ ይዟል። የውሃ ሙሌቱ ግን በየፊናው ተተረጎመ። ግብፅ ከሙሌቱ በፊት አስገዳጅ ስምምነት ያስፈልጋል ስትል፣ ኢትዮጵያ ሙሌቱ ከግንባታው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነው አለች። ሙሌቱ በሐምሌ 2020 ተጀመረ። ጉዳዩ በ2020ና በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ድረስ ደረሰ፤ ምክር ቤቱም አገሮቹ በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር ወደ ድርድር እንዲመለሱ አሳሰበ። በታኅሣሥ 2023 የመጨረሻው ዙር ያለ ውጤት ተበተነ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ቀሪው ክርክር

ኃይል ማመንጫ ግድብ ውሃውን አዙሮ ወደ ወንዙ ስለሚመልሰው የክርክሩ ፍሬ ነገር በተከታታይ ድርቅ ዓመታት ምን ያህል ውሃ ይለቀቃል የሚለው ነው። ግብፅ በዚህ ላይ የተወሰነ መጠንና አስገዳጅ ዳኝነት ትሻለች። ኢትዮጵያ በአንድ መጠን መታሰር በተዘዋዋሪ የ1959ኙን ክፍፍል መቀበል ይሆናል ብላ ትሰጋለች፤ የወደፊት ልማቷንም ይገድባል ትላለች። ሱዳን በመካከል ትገኛለች። የተመጣጠነ ፍሰት ጎርፍንና ደለልን ይቀንስላታል፤ ነገር ግን የሮሰይረስ ግድቧ ከሕዳሴ ግድብ ብዙም ስለማይርቅ በየዕለቱ የሚለቀቀውን ውሃ አስቀድማ ማወቅ ያስፈልጋታል።