ታላቁን የቻይና ግንብ በአንድ ቀን

ለሥልጠና፣ ለስብሰባ ወይም ዕቃ ለማምጣት ቤጂንግ የሚሄድ ሰው ሥራውን ጨርሶ የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ነው። ያቺን ቀን ምን ላድርጋት ብሎ ሲያስብ ከታላቁ ግንብ ሌላ ነገር አይታየውም። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ዕድል ባላገኝ ኖሮ ታላቁ ግንብ ለእኔ የሰው ጀርባ ማለት ሆኖ ይቀር ነበር።

የመጀመሪያው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሥልጠናችን ያለቀው መስከረም 20 ቀን ስለነበር በማግስቱ በሆቴሉ በኩል የአንድ ቀን ጉብኝት ገዛሁ። ዋጋው ርካሽ ነበር። ለምን እንደረከሰ የገባኝ አውቶቡሱ በመጀመሪያ የጄድ ድንጋይ መሸጫ፣ ቀጥሎ ሻይ መሸጫ፣ ከዚያም እግር እየዳሰሱ መድኃኒት የሚያዙ ሰዎች ዘንድ ሲያቆመን ነው። ባዳሊንግ ወደሚባለው የግንቡ ክፍል ስንደርስ ከቀኑ 7 ሰዓት አልፎ ነበር። አስጎብኚያችን አንድ ሰዓት ተኩል ሰጠችን። ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ያሳለፍኩት በሰው መሐል ተጣብቄ፣ የፊተኛው ሲራመድ እየተራመድኩ፣ ሲቆም እየቆምኩ ነው። ግንቡን ራሱን ለማየት ቀና ማለት ነበረብኝ።

ስህተቱ የአስጎብኚዎቹ ብቻ አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያ ያለማየት የእኔም ነው። መስከረም 21 በእነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 1፣ የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ የተመሠረተበት በዓል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ያህል አገሩ ሁሉ ዕረፍት ይወጣል፤ ዕረፍት የወጣው ሕዝብም ከሚሄድባቸው ቦታዎች አንዱ ባዳሊንግ ነው። ከመስቀል በዓል በኋላ ወደዚያ የምትጓዙ ሁሉ ይህቺን ሳምንት ልብ በሉ። የሜይ ዴይ ሰሞንም እንደዚሁ ነው። ባዳሊንግ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን ከ65,000 በላይ ሰው እንዳይገባ ገደብ ተደርጎበታል። ገደቡ ራሱ 65,000 መሆኑን ስታስቡት ነገሩ ይገባችኋል።

ሁለተኛው ጉዞዬ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ከአንድ ታላቅ ባልደረባዬ ጋር ነበር። ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዕድሜያቸውን የፈጁት በስልክ መሥመር ሥራ ነው። «ሳልሞት ያንን ግንብ ልየው» ካሉ ሰንብተዋል። እሳቸውን ይዤ ዳግመኛ እንደዚያ ያለ ቀን ላሳልፍ አልፈለግኩም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሳልነሳ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትና ያየሁት ለሌላውም ይጠቅማል በሚል ነው ይህን የምጽፈው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ታላቁ ግንብ አንድ ቦታ አለመሆኑ ነው። ሐረርን ለሚያውቅ ሰው ግንብ ሲባል የሚታየው ከተማ የከበበ ጀጎል ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ በእግር ዙሮ ይጨረሳል። የቻይናው ግን ምንም አይከብም። በተለያዩ ዘመናት የተሠሩ ብዙ ግንቦች፣ ምሽጎችና ቦዮች ስብስብ ነው። የቻይና መንግሥት በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ልኬት ሁሉም ተደምሮ 21,196 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (1368-1644 እ.ኤ.አ.) የተሠራው ለብቻው 8,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ግንብ ሳይሆን እንደ አጥር የተቆጠረ ተራራና ወንዝ ነው።

ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የሰማነው ቺን ሺ ኋንግ የተባለው የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠራው ነው። እርግጥ ነው አሠርቷል፤ ነገር ግን የእሱ በአብዛኛው የተደቀደቀ አፈርና ድንጋይ ነው፤ ቤጂንግ አጠገብም አይደለም። በፎቶ የምናውቀው የጡብና የድንጋይ ግንብ የሚንግ ነው። ባዳሊንግ ደግሞ በ1950ዎቹ ታድሶ ለጎብኚ የተከፈተ ነው። ከጨረቃ ላይ ይታያል የሚባለውም ተረት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር የወጣው የመጀመሪያው ቻይናዊ ያንግ ሊዌይ ከመንኮራኩሩ ሆኖ እንዳላየው ሲናገር በራሳቸው አገር ብዙ ሰው ቅር ተሰኝቶ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው «ግንቡን ልይ ወይ?» ሳይሆን «የትኛውን ክፍል?» ነው። ለቤጂንግ እንግዳ የሚቀርቡት አራት አምስት ናቸው።

ባዳሊንግ ለመድረስ ከሁሉም ይቀላል። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተከፈተው ፈጣን ባቡር ከቤጂንግ ሰሜን ጣቢያ ተነስቶ ግማሽ ሰዓት ገደማ በሆነ ጊዜ ያደርሳል፤ የግንቡ ጣቢያ ከመሬት በታች 102 ሜትር ላይ ነው የተሠራው። በክረምታቸው በሥራ ቀን በጠዋት የሚሄድ ሰው ባዳሊንግን ቢመርጥ አልቃወምም። ጂንሻንሊንግ ከቤጂንግ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከፊሉ ታድሶ ከፊሉ እንደ ፈረሰ ስለተተወ ለፎቶና ለእግር ጉዞ የሚወዱት ብዙ ናቸው፤ ግን ሙሉ ቀንና ጤነኛ እግር ይፈልጋል። ሲማታይን በምሽት መብራት ማየት ይቻላል፤ ሥሩ ያለችው መንደር ግን ለቱሪስት ተብላ የተሠራች ስለሆነች ለእኔ አልተመቸችኝም። ጂያንኮው የሚባለው ገደላማ ክፍል ለጎብኚ ክፍት አይደለም። ወጣቶች በጓሮ ይወጡበታል፤ ሰው የሞተበት ቦታ ስለሆነ አትሞክሩት።

እኛ የመረጥነው ሙቲያንዩን ነው። ከከተማው በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ባቡር የለውም፤ ጫካ የሸፈነው ተራራ ላይ ነው። የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው፤ ኬብል ካሩ። ኬብል ካሩ 14ኛው ማማ አጠገብ ያወጣል። ከዚያ ወደ ታችኞቹ ቁጥሮች ሲኬድ መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁል ነው፤ ወደ 20ኛው ማማ ግን ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። 6ኛው ማማ አካባቢ ደግሞ ሌላ መውረጃ አለ። ክፍት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ወይም በብረት ቦይ ውስጥ በትንሽ ጋሪ ተንሸራትቶ ይወረዳል። ጋሪው ለአረጋውያን የዕድሜ ገደብ አለው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኬብል ካሩና ክፍት ወንበሩ የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው፤ የአንዱ የደርሶ መልስ ትኬት በሌላው አይሠራም። እኔ ሳላውቅ ሁለታችንንም ደርሶ መልስ ቆርጬ፣ በኋላ ብቻዬን 6ኛው ማማ ድረስ ሄጄ በጋሪው ስወርድ የመመለሻ ትኬቴ ባክኖ ቀረ።

ስለ ትንፋሽ የአዲስ አበባ ሰው አይጨነቅ፤ ግንቡ ያለበት ተራራ ከከተማችን በብዙ ዝቅ ይላል። ችግሩ ጉልበት ነው። የደረጃዎቹ ቁመት እኩል አይደለም፤ አንዱ ከእጅ ስንዝር ያነሰ፣ ቀጣዩ እስከ ጉልበት የሚደርስ ነው። ባልደረባዬ ከሦስተኛው ማማ በኋላ ቆም ብለው «ይኼ ለወታደር ነው ወይስ ለፍየል?» አሉኝ። ጉልበት የሚያመው ሰው ደግሞ ቁልቁለቱ ከዳገቱ የባሰ እንደሚጎዳው ያውቃል። ስለዚህ እሳቸው አንዱ ማማ ውስጥ ጥላ ላይ ሊቀመጡ፣ እኔ ደርሼ ልመለስ ተስማማን።

ስመለስ ያገኘኋቸው ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ነው። ከእያንዳንዱ መስኮት የሚቀጥለው ማማ እንደሚታይ አስተውለዋል። «ይኼ እኮ የግንብ ሥራ አይደለም፤ የመሥመር ሥራ ነው። ማማው ምሰሶ ነው» አሉ። በግምት ያሉት ትክክል ነበር። በሚንግ ዘመን ቀን በጭስ፣ ሌሊት በእሳት መልእክት ይተላለፍ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በወጣ ደንብ መሠረት የመጣው ጠላት እስከ መቶ ከሆነ አንድ ጭስና አንድ ተኩስ፣ አምስት መቶ ከሆነ ሁለት፣ ከሺህ በላይ ከሆነ ሦስት፣ አምስት ሺህ ከሆነ አራት፣ አሥር ሺህ ከሆነ አምስት ነው። ጀርባውን ለተራራ የሰጠ ማማ ላይ የሚኖር ጥቂት ወታደር ጠላትን ብቻውን ሊያቆም አይጠበቅበትም፤ ሥራው ጊዜ መግዛት ነው።

እንዲያም ሆኖ መሥመሩ የሚሠራው ሰው እስካለበት ድረስ ነው። በ1449 እ.ኤ.አ. የሚንግ ንጉሠ ነገሥት ራሱ ዘምቶ በሞንጎሎች እጅ ተማርኳል፤ ግንቡን ማጠናከር የተፋፋመውም ከዚያ በኋላ ነው። በ1550 እ.ኤ.አ. የሞንጎሉ መሪ አልታን ካን ከጂንሻንሊንግ ብዙ በማይርቀው ጉቤይኮው በኩል ገብቶ ቤጂንግ ቅጥር ሥር ደርሷል። በ1568 እ.ኤ.አ. ቺ ጂጓንግ የተባለው የጦር አዛዥ ከደቡብ ተጠርቶ መጣ። ወታደር የሚኖርበት፣ ስንቅና ጥይት የሚያስቀምጥበት ባዶ ሆድ ያለው ማማ በብዛት ያሠራው እሱ ነው፤ ከ1,000 በላይ ናቸው። ዛሬ ቤጂንግ አካባቢ የምንቀመጥባቸው ማማዎች ብዙዎቹ የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው። በ1644 እ.ኤ.አ. ግን ዋና ከተማዋ አስቀድሞ በገዛ አገሯ ዓመፀኞች ተይዛ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ራሱን ሰቅሎ ነበርና፣ ግንቡ ከባሕር በሚገናኝበት በሻንሃይጓን ያለው ጄኔራል ዉ ሳንግዊ በሩን ለማንቹዎች ከፈተ። እነሱም ገብተው እስከ 1912 እ.ኤ.አ. ገዙ። ይህን ለባልደረባዬ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ጡቡን ሲዳስሱ ቆዩ። ጡቡን ያያያዘው ኖራ በአንዳንድ ቦታ ከሩዝ ገንፎ ጋር የተቦካ መሆኑንም ነገርኳቸው፤ ያንን አላመኑኝም።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። ቻይና ለትራንዚት መንገደኞች የፈቀደችው የ240 ሰዓት ያለ ቪዛ ቆይታ ይህ ሲጻፍ ኢትዮጵያን አይጨምርም። ትኬት የሚቆረጠው በፓስፖርት ቁጥር ስለሆነ ዋናውን ፓስፖርት ይያዙ፤ ኮፒ በሩ ላይ አይረዳም። ገንዘብን በተመለከተ አገሩ ሁሉ በስልክ ነው የሚከፍለው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የውጭ ካርድን አሊፔይ ወይም ዊቻት ላይ ማገናኘት ቀላል ሆኗል፤ ይህን ከአገር ሳትወጡ ጨርሱ። ጥሬ ዩዋንም ይሠራል፤ መልስ ግን ይቸግራቸዋል። የጉግል ካርታ እዚያ ስለማይከፈት የሆቴላችሁንና የግንቡን ስም በቻይንኛ ፊደል አስጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ።

ቤጂንግ ከእኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ ማለዳ 1 ሰዓት ሲሆን ለሰውነታችሁ ገና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ ግንቡን ለመጀመሪያው ቀን አታድርጉት። ከወቅቱ ሚያዝያና ግንቦት፣ እንዲሁም ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ (የበዓሉን ሳምንት ትቶ) ጥሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀትና ዝናብ ነው፤ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ አጥንት የሚሰብር ንፋስ አለው። ግንቡ ላይ ዛፍ የለም፤ ሽንት ቤት ላይ ከመውጣት በፊት መግባት ነው። ጾም ላይ የሆነ ሰው ስንቁን ይያዝ፤ አትክልት ተብሎ የቀረበው ላይ የአሳማ ሥጋ ተፈርፍሮበት አይቻለሁና። ሙስሊም ወገኖች «ቺንግዠን» የሚለውን ጽሑፍ ይፈልጉ፤ ቤጂንግ ውስጥ በብዛት አለ።

ሙቲያንዩ በአውቶቡስም ይደረሳል። ከዶንግዢመን 916 ፈጣኑን ይዞ ኋይሮው ድረስ፣ ከዚያ ሌላ መቀየር ነው። መንገድ ላይ «ሙቲያንዩ፣ እዚህ ውረዱ» እያለ የውጭ ሰው የሚያዋክብ አይጠፋም፤ የታክሲ ደላላ ስለሆነ ከመቀመጫችሁ አትነሱ። ሁለት ወይም ሦስት ከሆናችሁ ለቀኑ መኪና መከራየት ይሻላል። ዋጋውን፣ የሚጠብቃችሁን ሰዓትና ሱቅ እንደማትገቡ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ እንዲህ አድርገን ከሆቴል ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ወጥተን፣ በሩ ሲከፈት ደርሰናል። ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ግንቡ ላይ የነበርነው ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበርን።

የአየር መንገዳችን አውሮፕላን የሚነሳው ከካፒታል ኤርፖርት ነው፤ ኤርፖርቱም ከከተማው በሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ሙቲያንዩ በሚወስደው አቅጣጫ ይገኛል። በረራችሁ ማታ ወይም ሌሊት ከሆነ ጠዋት ከሆቴል ወጥታችሁ ሻንጣችሁን መኪናው ውስጥ አድርጉ፤ ከግንቡ በቀጥታ ወደ ኤርፖርት ስትሄዱ የከተማውን መጨናነቅ ታመልጣላችሁ። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ባልደረባዬ መንገዱን ሙሉ ተኝተው ነው የደረስነው።