ስምም ንዝረት፦ ከሉቱሊ ጎዳና እስከ ሱስዋ

ኬንያውያን ኤሌክትሪክን «ስቲማ» ይሉታል፤ ከእንግሊዝኛው የእንፋሎት መጠሪያ ያገኙት ቃል ነው። እኛ ከጣሊያንኛ «ኮረንቲ»ን ወሰድን፤ ሲጠፋብን ደግሞ «መብራት ሄደ» እንላለን። «ሬዞናንስ» የሚለው ቃል ግን አማርኛ አፍ ውስጥ ገና ማረፊያ አላገኘም። ናይሮቢ መሃል፣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በተደረደሩበት ሉቱሊ ጎዳና ዕቃ የሚገዛ ሐበሻ ወጣት በትርፍ ጊዜው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጭ ሰርኪዩት መሥራት ቢያምረው፣ መጀመሪያ የሚጋፈጠው ይህንኑ ቃል ነው።

ነገሩ ይህ ነው። ጥቅልል ሽቦ (ኮይል) እና ካፓሲተር አንድ ላይ ሲያያዙ ኃይሉ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ካፓሲተሩ ያከማቸውን ለኮይሉ ይሰጣል፣ ኮይሉም መልሶ ይሞላዋል። ምልልሱ የራሱ ፍጥነት አለው፤ የሚወስኑትም የኮይሉና የካፓሲተሩ መጠን ናቸው። ከውጭ የሚመጣው ግፊት ከዚህ ፍጥነት ጋር ከገጠመ፣ ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በየመመለሻው እንደመግፋት ነው፤ ትንሹ ግፊት እየተጠራቀመ ትልቅ ውዝዋዜ ይሆናል።

ለዚህ «ማስተጋባት» የሚለውን ቃል የሚያቀርቡ አሉ። ለድምፅ ያስኬዳል፤ ለኤሌክትሪክ ግን ያሳስታል ባይ ነኝ። ገደል የሚያስተጋባው ድምፅ ከተሰጠው ያነሰ ሆኖ ይመለሳል፤ እዚህ ደግሞ ውዝዋዜው ከተሰጠው በላይ ያድጋል። ስለዚህ «ስምም ንዝረት» ይሻላል እላለሁ። ገፊውና ተገፊው በጊዜ ተስማምተዋልና። ሰርኪዩቱም «ስምም ሰርኪዩት» ይባላል።

በቁጥር እንየው። 1 ሚሊሄንሪ ኮይል ከ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጋር ሲያያዝ የምልልሱ ፍጥነት በሰከንድ 15,900 ጊዜ ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት እያንዳንዳቸው ለኮረንቲው የ100 ኦም እክል ይሆናሉ፤ ግን አንዱ የሌላውን ስለሚያጣፋ ምንጩ የሚያየው የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ነው። እሱ 2 ኦም ከሆነ፣ 10 ቮልት ሲገፋው 5 አምፔር ያልፋል፤ በካፓሲተሩ ጫፎች ላይም 500 ቮልት ይታያል። ሃምሳ እጥፍ! ጀማሪውን የሚያታልለውም ይህ ነው። ኃይል ከየትም አልተፈጠረም፤ ምንጩ ያን ጊዜም 50 ዋት እየከፈለ ነው። የበዛው ቮልቴጁ እንጂ ኃይሉ አይደለም።

ጀርባቸው ያበጠው አሮጌ ቴሌቪዥኖች ከዚህ የራቁ አልነበሩም። በውስጣቸው ያለው «ፍላይባክ» የተባለ ትራንስፎርመር በሰከንድ 15,625 ጊዜ እየተመታ፣ በትልልቆቹ ባለቀለሞች ላይ ወደ 25,000 ቮልት ለስክሪኑ ያቀብል ነበር። ኬንያ ውስጥ «ፉንዲ» የሚባለው ጠጋኝ ይህን ዕቃ በእጁ ያውቀዋል። ፍላይባኩን በትክክለኛው ፍጥነት የሚመታው የትራንዚስተር ሰርኪዩት «ድራይቨር» ይባላል፤ እኔ «ነጂ» እለዋለሁ፤ የሚነዳው መኪና ባይሆንም ቃሉ ይበቃዋል።

ትልቁ ጣጣ ነጂውን ከግድግዳ ሶኬት መመገብ ነው። በባትሪ የሚሠራ ነጂ ሲበላሽ ትራንዚስተር ይቃጠላል፣ ሌላ ይገዛል። የኬንያ 240 ቮልት በዳዮድ ተስተካክሎ ካፓሲተር ሲሞላ ግን 340 ቮልት ገደማ ዲሲ (አቅጣጫውን የማይቀይር ኮረንቲ) ይሆናል፤ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በዚህ መጠን 27 ጁል ያህል ኃይል ይይዛል። ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ይዞ ይቆያል። ማፍሰሻ ሬዚስተር አብሮ መበየድ አለበት፤ ከመንካት በፊትም በሜትር መለካት ግድ ነው።

የኬንያ ፕላግ ውስጥ ያለው 13 አምፔር ፊውዝ ብዙዎችን ያዘናጋል። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ልብን ለማዛባት ከ1 አምፔር አንድ አሥረኛው ይበቃል፤ ስለዚህ ሰውን ለመጠበቅ የተሠራው፣ ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጠው ማጥፊያ በተለምዶ በ30 ሚሊአምፔር ይነሳል። ሆኖም እሱም ቢሆን በአንዱ እጅ አንዱን ሽቦ፣ በሌላው ሁለተኛውን የያዘን ሰው አያድንም፤ ወደ መሬት ያመለጠ ነገር የለምና።

ሌላው ወጥመድ የኮረንቲን ሞገድ በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ፣ ኦሲሎስኮፕ ነው። የመሬት ቆንጣጩ ከግድግዳው ኧርዝ ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ በቀጥታ ከሶኬት በሚመገብ ሰርኪዩት ላይ ሲቆነጠጥ ያቃጥላል። ነጂውን ከግድግዳው መስመር በሚነጥል ትራንስፎርመር (አይሶሌሽን ትራንስፎርመር) በኩል መመገብ መፍትሔ ነው፤ ግን ያን ጊዜ የቆራጩ ማጥፊያ ጥበቃ እንደሚቀር ማወቅ ያስፈልጋል። ጠጋኞች የሚያደርጉት ቀላል ዘዴም አለ፤ 100 ዋት የድሮ አምፖል በተከታታይ ማስገባት። ሰርኪዩቱ ሾርት ካደረገ አምፖሉ ፏ ብሎ ይበራል፣ የሚያልፈው ኮረንቲ ግን ከግማሽ አምፔር አይበልጥም።

«ከፍተኛ ፍጥነት ያለው ኮረንቲ አይጎዳም» የሚል ወሬም አለ። ነርቭን እምብዛም አለመንዘሩ እውነት ነው፤ ሥጋን ግን ያቃጥላል፣ ሰውየው ሕመሙ ሳይሰማው። ልምድ የሌለው ሰው በባትሪ ይጀምር፣ ሶኬቱን ለሚያውቅ ሰው ይተው።

ስምም ሰርኪዩት በትልቁም አለ። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ በ500 ኪሎቮልት ዲሲ 1,045 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ናይሮቢ አቅራቢያ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ የኢትዮጵያን ኃይል ለኬንያ ያቀብላል። ዲሲውን ወደ ኤሲ (አቅጣጫውን ወደሚቀያይር ኮረንቲ) የሚመልሱ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች በ50 ኸርትዝ (በሰከንድ 50 ምልልስ) ላይ ያልተፈለጉ ንዝረቶችን ይፈጥራሉ፤ በተለይ 11ኛውንና 13ኛውን እጥፍ፣ ማለትም 550 እና 650 ኸርትዝ። እነሱን ለመዋጥ የሚተከሉት ማጣሪያዎች በእነዚሁ ፍጥነቶች የተቃኙ ኮይልና ካፓሲተር ናቸው። ካፓሲተሮቹ በመደርደሪያ የሚቆሙ፣ ኮይሎቹም ከሰው ቁመት የሚበልጡ ናቸው፤ ስሌታቸው ግን ከላይ የሠራነው ነው።