«ቁርጥማት ነው፤ ይተወዋል»

የዛሬው ጽሑፌ ከወትሮው የፖለቲካ ርእስ ፈንገጥ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግን እምብዛም እንዳልራቅሁ ታያላችሁ።

ሳንጃ፣ የታች አርማጭሆዋ ከተማ፣ ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። በልጅነቴ በዚያ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠቅስም። አምስተኛ ክፍል ሳለን ጉሮሮውን ታመመ። ከሳምንታት በኋላ ጉልበቱ አበጠ፤ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱ፣ ቀጥሎም ክርኑ። እናቱ «ቁርጥማት ነው፤ ይተወዋል» አሉ፤ እውነትም ተወው። በዓመቱ ግን ዳገት ላይ ስንደርስ ቆሞ ማረፍ ጀመረ። መምህራችን ስንፍና መሰላቸው፤ እኛም ሳቅንበት። ሰባተኛን ሳይጨርስ ትምህርቱን ተወ። ሰሊጥ አጨዳ ቢወጣ በሦስተኛው ቀን ደግፈው መለሱት። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። የገደለው ምን እንደ ሆነ የገባኝ ጎልምሼ ነው።

በሽታው የሚጀምረው «ቶንሲል» ብለን ከምንንቀው ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ፣ ይበልጡን ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ጉሮሮ ሲያጠቃ፣ የሰውነት መከላከያ አንዳንድ ጊዜ ጠላቱን ይስታል። የገዛ መገጣጠሚያውንና የልቡን ቫልቮች ይወጋል። የመገጣጠሚያው ሕመም ያልፋል፤ የቫልቩ ጠባሳ ይቀራል። ሕመሙ በተደጋገመ ቁጥርም ጠባሳው ይጠናል። በአገራችን ብዙ ቤተ ሰብ ለጉሮሮ ሕመም መድኃኒቱ እንጥል ማስቆረጥ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ዛሬም የሚያምን አለ። እንጥል መቁረጥ ግን ልብን አያድንም።

የሚያድነው መርፌ አዲስ ግኝት አይደለም። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ መድኃኒት ነው። ጉሮሮ እንደ ታመመ በጊዜው ከተወጋ አንድ መርፌ በሽታውን ከመነሻው ያስቀራል። አንድ ጊዜ የተያዘውን ልጅ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት የሚሰጥ መርፌ እንዳይደገምበት ይጠብቀዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ በሽታው መቀነስ የጀመረው ከፔኒሲሊን በፊት ነበር፤ መኖሪያው ሲሰፋና በአንድ ክፍል መታጨቅ ሲቀር። የድህነት በሽታ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ሰባ ዓመት ያስቆጠረ መርፌ ለሳንጃው ልጅ ለምን አልደረሰም? መልሱን ከታሪካችን ልፈልግ።

እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ያ እልቂት ከመነሻዎቹ አንዱ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ፤ ታላቅ ሥራም ሠራ። በኋላ የሑመራና የመተማ ሰፋፊ እርሻዎች ሲስፋፉ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ካላዛር ጠበቀው፤ ትኩረቱም ወደዚያ ዞረ። እነዚህ ፈጥነው የሚገድሉ፣ ብዙውን በአንድ ጊዜ የሚጥሉ ጠላቶች ስለ ነበሩ ትኩረቱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ቆላው ከመንግሥት ጋር የተዋወቀው በዘመቻ ነው። ርጭት ይመጣል፣ ክትባት ይመጣል፣ ዘመቻው ያልቃል፣ ሪፖርቱ ይጻፋል። የልብ መርፌ ግን ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 13 ጊዜና ከዚያም በላይ ሳያቋርጥ መድረስ አለበት። መንግሥቶቻችን፣ ንጉሣዊውም፣ ወታደራዊውም፣ ከዚያ በኋላ የመጣውም፣ መዝመት ያውቃሉ፤ በየወሩ መገኘት ግን አልለመዱም።

ያስተዋሉ ሰዎች አልነበሩም ማለቴ አይደለም። በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙን የመሰሉ ሐኪሞች ሥር የሰደዱ ሕመሞች በገጠር ጤና ጣቢያ በነርስ ሊታዩ እንደሚችሉ በተግባር አሳይተዋል። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት መሥርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ለመክፈት በቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ ባለሙያዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው በሽታውን ከአህጉሪቱ ለማጥፋት ሰባት ርምጃዎችን ዘረዘሩ፤ በ2018ም የዓለም ጤና ጉባኤ ውሳኔ አሳለፈ። ውሳኔው ከጄኔቫ እስከ ሳንጃ ጤና ጣቢያ ያለውን መንገድ ገና አልጨረሰም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በቆላ እንጀራ የሚገኘው በጉልበት ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ሳይረግፍ መታጨድ አለበት። ልቡ የደከመ ወጣት በዚያ ቦታ የለውም። ለእርሱ የቀረው እንጀራ ተቀምጦ የሚሠራበት፣ በእስክሪብቶ የሚገኘው ነው። ነገር ግን በሽታው የሚይዘው ልክ ፊደል በሚቆጥርበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ትምህርቱን ይነጥቀዋል፤ ከዚያ ትምህርት ለሌለው ሰው የቀረውን የጉልበት ሥራ ይከለክለዋል። አንዱ በር የተዘጋበት ሌላውም ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ለሴቷ ደግሞ ይብሳል። ከትምህርት ገበታ ተነሥታ በለጋነቷ ትዳራለች፤ የጠበበው ቫልቭም ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው በእርግዝናዋ ወራት፣ ደሟ ሲበዛና ልቧ ሲጨነቅ ነው። ቀዶ ሕክምና ያገኘ ዕድለኛም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ከተገጠመለት ዕድሜ ልኩን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል፤ ደሙም በየጊዜው መመርመር አለበት። ላቦራቶሪው ያለው ግን ከተማ ነው።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። መምህራን አሉን። ዳገት ላይ የሚቆም ልጅ ሲታይ «ሰነፍ» ከማለት በፊት «ባለፈው ዓመት ጉልበትህ አብጦ ነበር?» ብሎ መጠየቅ በጀት አይፈልግም። መርፌውን በየወሩ ማድረስ ግን በጀት ይፈልጋል፤ ክፍት መንገድና ሰላምም ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀጣጠለው ጦርነት መንገድ በዘጋ ቁጥር የሚጠፋውን ሕይወት የምንቆጥረው በጥይት ከወደቁት ብቻ ነው። የወሩ መርፌ ያለፈበትን ልጅ የሚቆጥረው ማን ነው?

አልፈነገጥሁም ያልኋችሁ ለዚህ ነው። የመንግሥት ትርጉሙ ለእኔ በየ4 ሳምንቱ የማይቀር መርፌ ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ያንን መንግሥት ሳያየው ቀረ።