የጭስ ማውጫ ሙቀት መጠቅለያ

ከፋይበር ግላስ ወይም ከቀለጠ የባዛልት ድንጋይ ከሚወጣ ክር የሚሸመን፣ በሞተሩ የጭስ ማውጫ ቱቦ ላይ እንደ ፋሻ የሚጠመጠም ጥብጣብ። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሙቀቱን ቱቦው ውስጥ ስለሚያቆየው ጋዙ ሳይቀዘቅዝ ፈጥኖ ይወጣል፤ ከኮፈኑ ስር ያለው ሙቀትም ጋብ ይላል። ለውድድር መኪናና ለቱርቦ ሞተር ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ለዘወትር መኪና ግን የጉልበት ጭማሪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጉዳቱ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ቱቦው ከልኩ በላይ ይግላል፤ በቀጭን ብረት የተሠሩ ተለዋጭ ማኒፎልዶች ብየዳቸው ላይ ይሰነጠቃሉ። ተራ ብረት ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ በረጠበው ጥብጣብ ስር ሳይታይ ይዝጋል፤ መጠቅለያው ሲፈታ ዝገቱ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይረግፋል። 304 የተባለው የማይዝግ ብረት እንኳ ከ425 እስከ 860 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ሲቆይ ክሮሚየሙ ከካርቦን ጋር ስለሚጣመር ዝገት የመቋቋም አቅሙ ይዳከማል። አንዳንድ አምራቾች የተጠቀለለ ቱቦን ዋስትና የሚሰርዙትም ለዚህ ነው። ሞተሩ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ መጠቅለል ጨርሶ አይታሰብም፤ ዘይት የጠጣ ጥብጣብ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ለከተማ መኪና የሴራሚክ ቅብ ወይም ከቱቦው ራቅ ብሎ የሚታሰር የብረት መከለያ ይሻላል።