ከክልከላ ወደ ግዴታ፦ ፍልስፍና በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ



በክርስቲያን ኮሌጅ ፍልስፍናን መማር እምነትን ያናጋል ወይስ ያጸናል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ሥር የነበረው የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በብርቱ ተከራክሮበታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1210 ዓ.ም. በፓሪስ የተሰበሰቡ ጳጳሳት የአርስቶትል የተፈጥሮ ፍልስፍና መጻሕፍት እንዳይነበቡ ከለከሉ፤ የ1215ቱ የዩኒቨርሲቲው ደንብም ክልከላውን አጸና። በ1255 ግን የአርትስ ፋኩልቲ እነዚያኑ መጻሕፍት በመደበኛ ትምህርቱ ውስጥ አካተታቸው። ሙግቱ በዚህ አልበረደም። በ1277 የፓሪሱ ጳጳስ ኤቲየን ታምፒየ 219 አንቀጾችን አወገዘ፤ አንዳንዶቹ ከሦስት ዓመት በፊት ያረፈውን የቶማስ አኲናስን ትምህርት የሚነኩ ነበሩ። ይሁን እንጂ ቶማስ በ1323 ቅዱስ ተባለ፤ በ1325ም ውግዘቱ እርሱን በሚመለከት ረገድ ተሻረ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው በቶማስ የአጻጻፍ ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። «ሱማ ቴዎሎጊካ» በተሰኘው ሥራው እያንዳንዱን ጥያቄ የሚጀምረው ከራሱ አቋም ሳይሆን አቋሙን ከሚቃወሙ መከራከሪያዎች ነው። የራሱን መልስ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ለተቃውሞዎቹም አንድ በአንድ ምላሽ ይሰጣል። ሥርዓቱ ከዩኒቨርሲቲው የክርክር ጉባኤ የተወረሰ ነው።

እንግዲህ ክልከላው መጻሕፍቱን ከመምህሩ አትሮንስ ቢያርቅም ጥያቄዎቹን አላስቀረም። ዛሬም ተማሪዎቹን ከተቃራኒ ሐሳብ የሚሸሽግ ኮሌጅ እምነታቸውን ጠበቀላቸው ለማለት ያስቸግራል፤ ጥያቄው ከግቢው ውጭ፣ መምህር በሌለበት ይጠብቃቸዋልና።